ስማርት ቴሌስኮፕ ስትመርጡ፦ ከወረቀቱ ስሌት እስከ መጀመሪያዋ ሌሊት

ካርቶኑን ከፍታችሁ፣ ዕቃውን አውጥታችሁ፣ «ዓይኔን የማስጠጋው የቱ ጋ ነው?» ካላችሁ ግዢው ከመነሻው ተበላሽቷል። አብዛኛው ስማርት ቴሌስኮፕ ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ የለውም። ካሜራ ነው። የት እንዳለ ከከዋክብቱ አቀማመጥ ራሱ ይለያል፣ ወደ መረጣችሁት ነገር ይዞራል፣ በየ10 ወይም 20 ሰከንዱ ፎቶ ያነሳል፣ ፎቶዎቹን ይደራርባል፣ ውጤቱን ስልካችሁ ላይ ያሳያችኋል።

ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ሂዱ። አንዱን ዘላችሁ ወደ ዋጋ አትሩጡ። የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ የስልክ ካልኩሌተር እና አንድ ጥርት ያለ ሌሊት ነው።

ደረጃ 1፦ ምን ማየት እንደምትፈልጉ ጻፉ

አምስት ነገር ጻፉ። «ሰማዩን» ብላችሁ አትጻፉ። በስም ጻፉ፦ ጨረቃ፣ አንድሮሜዳ ጋላክሲ፣ ኦሪዮን ኔቡላ (ኔቡላ ማለት ሕዋ ላይ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው)፣ ሳተርን፣ እንዲህ እያላችሁ።

አሁን ዝርዝሩን እዩት። ከአምስቱ ሦስቱ ፕላኔቶች ከሆኑ እዚህ ላይ ቁሙ። ስማርት ቴሌስኮፕ አትግዙ።

ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ። ሰማይ ላይ ስፋት የሚለካው በማዕዘን ነው። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ደግሞ 60 ሰከንድ ነው። ጁፒተር በጣም በቀረበች ጊዜ ስፋቷ እስከ 50 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። ብዙ ሰው የሚገዛው ሲስታር ኤስ50 በአንድ ፒክስል 2.4 ሰከንድ ያህል ሰማይ ይይዛል። ስለዚህ ጁፒተር 20 ፒክስል ገደማ ትሆናለች። የፎቶው ጠባብ ጎን 1,080 ፒክስል ነው። የስልካችሁ ስክሪን 7 ሴንቲሜትር ስፋት ካለው፣ ጁፒተር ከአንድ ሚሊሜትር ትንሽ የምትበልጥ ነጥብ ናት። ስክሪኑን በጣት ብትለጥጡት ነጥቧ ትደበዝዛለች እንጂ ዝርዝር አታወጣም። የሳተርን ቀለበትም ዕጣው ይኸው ነው።

ፕላኔት ለሚወድ ሰው ረጅም የትኩረት ርቀት (ከሌንሱ ወይም ከመስታወቱ ምስሉ እስከሚያርፍበት ያለው ርቀት) ያለው፣ በዓይን የሚታይበት ተራ ቴሌስኮፕ ይሻለዋል። የመስታወቱ ስፋት 150 ወይም 200 ሚሊሜትር የሆነ ዶብሶኒያን (በእጅ የሚዞር፣ መሬት ላይ የሚቀመጥ የመስታወት ቴሌስኮፕ) በብዙ ይበልጠዋል።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ዩኒስቴላር ኢቪስኮፕ 2 እና ኦዲሴይ ፕሮ ዓይን የሚጠጋበት ቀዳዳ አላቸው። ውስጡ ያለው ግን ትንሽ ስክሪን ነው። ደስ ይላል፣ አልክድም። ብርሃኑ በቀጥታ ከኮከቡ ዓይኔ ውስጥ ይግባ ለሚል ሰው ግን አይሆንም።

ደረጃ 2፦ የጻፋችሁት ነገር ፎቶው ውስጥ ይገባ እንደሆነ አስሉ

እዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሻጮች ስለ ማጉላት እና ስለ ሜጋፒክስል ያወራሉ። እናንተ ግን መጀመሪያ የምትጠይቁት «በአንድ ፎቶ ስንት ዲግሪ ሰማይ ይይዛል?» ብላችሁ ነው።

ከጻፋችሁት ነገር ጎን ስፋቱን አስፍሩ፦

- ጨረቃ እና ፀሐይ፦ ግማሽ ዲግሪ ገደማ
- አንድሮሜዳ ጋላክሲ፦ ርዝመቱ 3 ዲግሪ፣ ወርዱ 1 ዲግሪ ገደማ
- ፕሌያዲስ የሚባለው የከዋክብት ክምችት፦ ወደ 2 ዲግሪ
- ኦሪዮን ኔቡላ፦ ከ1 ዲግሪ ትንሽ ይበልጣል
- ኤም13፣ ክብ የከዋክብት ክምችት፦ የ1 ዲግሪ ሲሶ
- ኤም51፣ ጠመዝማዛው ጋላክሲ፦ የ1 ዲግሪ አንድ ስድስተኛ

ቁጥሩ ለዓይን ካልመጣላችሁ እጃችሁን ወደ ሰማይ ዘርጉ። የትንሿ ጣት ወርድ 1 ዲግሪ ገደማ ነው። የተጨበጠ እጅ 10 ዲግሪ ያህል ነው። አዎ፣ የትንሿ ጣት ወርድ ግማሹ ጨረቃን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናታል። ካላመናችሁ ዛሬ ማታ ሞክሩት።

አሁን የመሣሪያውን ስፋት አስሉ። የሴንሰሩን (ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለውን ቺፕ) ጎን በሚሊሜትር ውሰዱ፣ በ57.3 አባዙ፣ ለትኩረት ርቀቱ አካፍሉ። ለምሳሌ የኤስ50 ሴንሰር ረጅሙ ጎኑ 5.6 ሚሊሜትር ነው። የትኩረት ርቀቱ 250 ሚሊሜትር ነው። 5.6 × 57.3 ÷ 250 = 1.28 ዲግሪ። አጭሩ ጎን 0.7 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። ጨረቃ በምቾት ትገባለች። አንድሮሜዳ ግን ጫፍና ጫፉ ይቆረጣል።

ለሌሎቹ ስሌቱን ሠርቼላችኋለሁ፦

- ሲስታር ኤስ30፦ 2.1 በ1.2 ዲግሪ ገደማ
- ድዋርፍ 3፦ 2.9 በ1.7 ገደማ
- ቬስፔራ 2፦ 2.5 በ1.4 ገደማ
- ቬስፔራ ፕሮ፦ 1.6 በ1.6 (ጎኖቹ እኩል ናቸው)
- ዩኒስቴላር ኦዲሴይ፦ 0.75 በ0.56 ገደማ
- ሴለስትሮን ኦሪጂን፦ 1.3 በ0.85 ገደማ

ዝርዝራችሁ በትልልቅ ኔቡላዎችና በአንድሮሜዳ የተሞላ ከሆነ ሰፊውን ያዙ። ትናንሽ ጋላክሲዎች ከበዙበት ረጅም የትኩረት ርቀት ያለውን ያዙ። ሰፊው ላይ ኤም51 ጥፍር የምታህል ጭጋግ ሆና ትቀራለች።

«ሞዛይክ ይሠራል» ቢሏችሁስ? እውነት ነው፣ ብዙዎቹ ጎን ለጎን ፎቶ አንስተው ይገጣጥማሉ። ዋጋው ግን ጊዜ ነው። አራት ፎቶ የሚያህል ቦታ ለመሸፈን አንድ ሰዓት ብትሰጡት፣ እያንዳንዱ ቦታ የሚደርሰው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ሞዛይክን እንደ ጉርሻ ቁጠሩት፤ እሱን ተማምናችሁ ጠባቡን አትግዙ።

ደረጃ 3፦ ሌንሱንና ሰዓቱን አብራችሁ እዩ

ሰፊ ሌንስ ብዙ ብርሃን ይሰበስባል። የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ከ30ው ጋር ሲነጻጸር 2.8 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ብዙ ሰው ከዚህ ተነስቶ «2.8 እጥፍ ይፈጥናል» ይላል። ስህተት ነው።

ኔቡላ ስክሪናችሁ ላይ ምን ያህል ቶሎ እንደሚደምቅ የሚወስነው የኤፍ ቁጥሩ ነው። የትኩረት ርቀቱን ለሌንሱ ስፋት አካፍሉ። ኤስ50፦ 250 ÷ 50 = 5። ኤስ30፦ 150 ÷ 30 = 5። የፒክስላቸው መጠንም አንድ ነው። ስለዚህ ኦሪዮን ኔቡላ በሁለቱም ላይ የሚደምቀው በተመሳሳይ ፍጥነት ነው። የኤስ50 ትርፉ ዝርዝሩ ነው፤ ያንኑ ኔቡላ አተልቆ ያሳያል። ኦሪጂን 335 ÷ 152 ስለሆነ የኤፍ ቁጥሩ 2.2 ነው። እሱ በእርግጥ ይፈጥናል፣ አምስት እጥፍ ገደማ። ዋጋውም በዚያው ልክ ይፈጥናል።

ሰዓቱን በተመለከተ አንድ ሕግ ያዙ፦ የፎቶውን ጥራት በእጥፍ ለማሻሻል አራት እጥፍ ጊዜ ያስፈልጋል። የ15 ደቂቃው ፎቶ ሻካራ ከሆነባችሁ፣ 20 ደቂቃ ብታደርጉት ለውጡን አታዩትም። አንድ ሰዓት ስጡት። ስለዚህ «በሌሊት ስንት ሰዓት ውጭ ልተወው እችላለሁ?» የሚለውን መልሳችሁን ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ከመሣሪያው ሞዴል ይልቅ ፎቷችሁን የሚወስነው ይሄ ቁጥር ነው።

ሜጋፒክስል ላይ ብዙ አትድከሙ። በእነዚህ ትናንሽ ሌንሶች ላይ 8 ሜጋፒክስል ከ2 ሜጋፒክስል የሚሻለው በዋናነት ሰፋ ያለ ሰማይ ስለሚይዝና ፎቶውን ቆርጦ ለማተም ስለሚመች ነው። ሌንሱ ያልለየውን ዝርዝር ሴንሰሩ ከየትም አያመጣውም።

ደረጃ 4፦ ማታ ወጥታችሁ ቦታችሁን ፈትሹ

ገና ሳትገዙ፣ መሣሪያውን ልታስቀምጡበት ያሰባችሁት ቦታ ላይ 20 ደቂቃ ቁሙ። ስልካችሁን ኪስ ክተቱ። ከዚያ ለእነዚህ መልስ ስጡ፦

1. የትኛው አቅጣጫ ነው ክፍት የሆነው? ጣሪያና ዛፍ የከለለውን ጻፉ።
2. መብራት በቀጥታ ሌንሱ ላይ ያርፋል?
3. ፍኖተ ሐሊብን በዓይናችሁ ታያላችሁ?

በመስኮት መስታወት ውስጥ ሆኖ ፎቶ ማንሳት አይቻልም። አትሞክሩት።

ፍኖተ ሐሊብ ካልታየ የከተማ መብራት ሰማያችሁን እየበላው ነው። ይህ ከሆነ የሁለት ባንድ ፊልተር ውስጡ ያለው መሣሪያ ምረጡ። ኤስ50፣ ኤስ30 እና ድዋርፍ 3 አብሯቸው ይመጣል። ለቬስፔራ እና ለኦሪጂን ለብቻው ይገዛል። ፊልተሩ የሚያሳልፈው ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የሚያወጡትን ብርሃን ነው። ስለዚህ እንደ ኦሪዮን ያሉ የሚያበሩ የጋዝ ኔቡላዎች ላይ ተአምር ይሠራል። ጋላክሲ ላይ ግን አታብሩት፤ የጋላክሲ ብርሃን የከዋክብት ብርሃን ስለሆነ ፊልተሩ ጋላክሲውንም አብሮ ይቆርጠዋል።

ስለ ክፍቱ አቅጣጫ ደግሞ ጥቂት ልጨምር፣ ይህን የሚነግራችሁ ሻጭ አይኖርምና። እነዚህ መሣሪያዎች ወደ ጎንና ወደ ላይ ብቻ ነው የሚዞሩት። ሰማዩ ግን በሌላ መስመር ይሽከረከራል። ስለዚህ ረጅም ሰዓት ሲያነሱ ምስሉ ቀስ እያለ ይዞራል፣ የፎቶው ጥጎች ይበላሻሉ። በቀጥታ ሰሜን ወይም ደቡብ ያለ ነገር ፈጥኖ ይዞራል። በቀጥታ ምሥራቅ ወይም ምዕራብ ያለው እምብዛም አይዞርም። አናታችሁ ላይ የደረሰው ከሁሉ ይብሳል። ክፍት ቦታችሁ ምሥራቅ ከሆነ ታድላችኋል።

ለዚህ መፍትሔው ኤኪው ሞድ የሚባለው ነው፤ መሣሪያው ዘንበል ተደርጎ ዘንጉ ወደ ሰማይ ዋልታ ይዞራል። ሲስታርና ድዋርፍ 3 ይህን ይፈቅዳሉ። ጥንቃቄ፦ ወደ ምድር ወገብ በቀረባችሁ ቁጥር ዘንጉ እየተጋደመ ይሄዳል፣ ክብደቱም ወደ አንድ ጎን ይወድቃል። ቀላል ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ከሆነ ይገለበጣል። ከትራይፖዱ መሀል ከባድ ቦርሳ አንጠልጥሉ፣ አንዱን እግር ደግሞ መሣሪያው በሚያዘነብልበት በኩል አድርጉት።

ደረጃ 5፦ ሸክሙንና ስልኩን አረጋግጡ

ድዋርፍ 3 ክብደቱ 1.3 ኪሎ ነው። ኤስ30 1.65፣ ኤስ50 2.5፣ ቬስፔራ 2 ደግሞ 5 ኪሎ ገደማ ነው። ኦሪጂን ከነትራይፖዱ ወደ 19 ኪሎ ይጠጋል። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ 19 ኪሎ የሆነ ነገር ተሸክማችሁ ደረጃውን ውጡና ውረዱ። ለአንድ ሳምንት ስሜት ይሸከማችኋል፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው ቁም ሳጥን ውስጥ ያድራል።

ከዚያ ስልኩ። የመሣሪያው ግማሹ ስልካችሁ ነው፤ ይህን ነገር ሰው ይረሳዋል።

1. ሳትገዙ አፑን አውርዱና ጫኑት። ካልተጫነ ወይም ከተንጠለጠለ ስልካችሁ አርጅቷል ማለት ነው።
2. አፑ መሣሪያ ሳይገናኝ ሜኑውን የሚያሳይ ከሆነ ግቡና ነካኩት። ቋንቋውና አቀማመጡ ይመቻችኋል?
3. ያልተደራረቡትን ነጠላ ፎቶዎች በፊትስ ፋይል (የካሜራውን ጥሬ መረጃ የሚይዝ የፋይል ዓይነት) ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ዛሬ ባትፈልጉት በስድስተኛው ወር ትፈልጉታላችሁ።
4. የትኞቹ አገልግሎቶች ወርሃዊ ክፍያ እንደሚጠይቁ ጠይቁ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ባለቤቱ ከራሱ አካውንት እንዲያላቅቀው አድርጉ፤ ይህን እዚያው ፊታችሁ ያድርግ።

ደረጃ 6፦ የፀሐይ ፊልተር

ፀሐይን የማየት ሐሳብ ካላችሁ ፊልተሩ ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ አረጋግጡ። ኤስ50፣ ኤስ30 እና ድዋርፍ 3 አብሯቸው ይመጣል። ለዩኒስቴላር ለብቻው ይገዛል። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ፦

1. ፊልተሩን ወደ መብራት አድርጋችሁ ተመልከቱ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ካሳለፈ ጣሉት።
2. መሣሪያው ወደ ፀሐይ ሳይዞር ፊልተሩን ግጠሙ።
3. ከዚያ አዙሩ።
4. ስትጨርሱ መጀመሪያ መሣሪያውን ከፀሐይ አዙሩ፣ ቀጥሎ ፊልተሩን አውልቁ።

ያለ ፊልተር ፀሐይ ላይ የዞረ ሌንስ ሴንሰሩን ይጠብሰዋል። ፊልተሩን በዓይናችሁ ላይ አድርጋችሁ ፀሐይን አትመልከቱ፤ ለዚያ አልተሠራም።

ደረጃ 7፦ ወስኑ

ወረቀቱን አንሱ። የኔ ፍርድ ይኸውና፣ ባትስማሙም ችግር የለም።

ጨረቃ፣ ፀሐይና ጋላክሲ ከበዙ፣ ኤስ50። ብዙ የምትጓዙ እና ሰፊ ኔቡላ የምትወዱ ከሆነ ድዋርፍ 3። በተቻለ መጠን ትንሽ ገንዘብ አውጥታችሁ ሞክራችሁ ለማየት ከሆነ ኤስ30። ቬስፔራ ጥሩ ምስልና የሚያምር ዕቃ ነው፤ ከኤስ50 ጋር ስታነጻጽሩት ግን የሌንሱ ስፋትም የትኩረት ርቀቱም እኩል መሆኑን አትርሱ፤ የምትከፍሉት በዋናነት ለሴንሰሩና ለአሠራሩ ነው። ኦሪጂንን የምመክረው መሣሪያው ቆሞ የሚያድርበት የራሱ ቦታ ላለው ሰው ብቻ ነው።

በሁለት ሞዴል መካከል ካመነታችሁ ቀላሉን ውሰዱ። ውጭ የሚወጣ ትንሽ ቴሌስኮፕ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ትልቅ ይበልጣል።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያዋ ሌሊት

መመለሻ ቀኑ ሳያልፍ መሣሪያውን መፈተን አለባችሁ። እንዲህ አድርጉ፦

1. ቀን ላይ፣ ኢንተርኔት ባለበት፣ ሙሉ ቻርጅ አድርጉና ሶፍትዌሩን አዘምኑ። ማታ ሜዳ ላይ «አዘምኑ» ብሎ ቢያቆማችሁ ሌሊቱ ሄደ።
2. መሬት ላይ አቁሙት። አፑ ውስጥ ባለው ውኃ ልክ አስተካክሉ።
3. ስልኩ ላይ የቦታ ፈቃዱን ክፈቱ። ቪፒኤን ዝጉ።
4. ኮምፓሱን ከመኪናና ከብረት አጥር ርቃችሁ አስተካክሉ።
5. አውቶ ፎከስ አድርጉ። ከዋክብት ደቃቅ ነጥብ መሆን አለባቸው።
6. ከአናታችሁ ራቅ ያለ፣ ወደ ምሥራቅ ወይም ምዕራብ ግማሽ ከፍታ ላይ ያለ የከዋክብት ክምችት ምረጡ። 10 ሰከንድ ላይ አድርጉና 15 ደቂቃ ተዉት።
7. ፎቶውን አስቀምጡ። መሀሉንና አራቱን ጥጎች አጉልታችሁ ከዋክብቱን ተመልከቱ።

ሳይሳካ ሲቀር

ስልኩ ከመሣሪያው ይላቀቃል። ስልኩ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ ራሱን ወደ ሞባይል ዳታ እየመለሰ ነው። የሞባይል ዳታውን አጥፉት።

መሣሪያው የት እንዳለ አልለየም ይላል። ደመና፣ ጣሪያ ወይም የመንገድ መብራት ፊቱ ላይ አለ። ወደ ክፍት ሰማይ በእጅ አዙሩት፣ ፎከሱን ደግማችሁ አድርጉ፣ እንደገና ሞክሩ።

ምስሉ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል። ሌንሱ ላይ ጤዛ አርፏል። መሣሪያው የሌንስ ማሞቂያ ካለው አብሩት። በጨርቅ አትጥረጉ፣ ይቧጨራል።

ብዙ ፎቶ ይጥላል፣ ማለትም ተበላሽቷል ብሎ ሳይደራርበው ይተወዋል። በዚህ እኔም ተቃጥያለሁ። እንጨት የተነጠፈበት በረንዳ ላይ አቁሜው ከአሥር ፎቶ ሰባቱን ይጥላል። ሞተሩ ነው ብዬ ሁለት ሌሊት ረገምኩት። በሦስተኛው ልጆቹ ተኙ፣ መጣሉም አብሮ ቆመ። ለካ እነሱ በሮጡ ቁጥር እንጨቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። መሬት ላይ አውርዱት፣ የትራይፖዱን እግሮች አታስረዝሙ፣ ነፋስ ካለ ግድግዳ ጥግ አስጠጉት።

ከዋክብቱ ጥጎቹ ላይ ብቻ ተለጥጠዋል። ያነሳችሁት አናት አካባቢ ያለ ነገር ከሆነ የሰማዩ መዞር ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ አንድ ነጠላ የ10 ሰከንድ ፎቶ ክፈቱ። ነጠላው ላይ ከዋክብቱ ክብ ከሆኑ መሣሪያው ደህና ነው። ነጠላው ላይም አንደኛው ጥግ ብቻ የተለጠጠ ከሆነ ሌንሱ ተንጋዷል። በተለያዩ ሦስት ሌሊቶች ይህንኑ ካያችሁ፣ ከእያንዳንዱ ሌሊት አንድ አንድ ነጠላ ፎቶ ከነፊትስ ፋይሉ አያይዛችሁ ለሻጩ ላኩና እንዲቀየርላችሁ ጠይቁ። የተደራረበውን ፎቶ አትላኩ፤ ችግሩን ይደብቅባችኋል።